ስማቸውን መጥራት አልችልም

ሰኞ ጠዋት ቁልፉ እንደ ወትሮው ዞረ፤ በሩም እንደ ወትሮው አቃሰተ። መምህር ሊምባኒ ማጎላ ወደ ሳይንስ ክፍሉ ገብቶ መስኮቶቹን ከከፈተ በኋላ ነው ጥጉ ባዶ መሆኑን ያየው። ስምንት ማይክሮስኮፕ የያዘው የእንጨት ሣጥን የለም። ሲሚንቶው ላይ የቀረው አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ኤስናት ሊጎሜካ ከዞምባ ከተማ የደረሰችው በማግሥቱ ነው። ዐይኗ መጀመሪያ ያረፈው በንጹሑ ቦታ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አቧራ ላይ ነበር። ሣጥኑ ከመጣ ጀምሮ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ተማሪዎቹ አልነኩትም?» ብላ ጠየቀች።

«ዓርብ ጎብኚዎች ይመጣሉ» አለ ሊምባኒ። «እነሱ ሳያዩት እንዲቧጨር አልፈለግንም። ከመጣ ገና ሰባት ሳምንቱ ነው፤ ሰባት ሳምንት ምን አላት?»

ድጋፉን የሰጠው የውጭ ድርጅት ደብዳቤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጆች ሳይንስን በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩ ይላል፣ በደማቅ ቀለም። ከሥሩ ትናንት የመጣ ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱ ደማቅ ቀለም አላስፈለገውም። ዕቃው እስከ ዓርብ ካልተገኘ ለዚህ ለናምፔያ ትምህርት ቤትና ለአራት ጎረቤቶቹ የታሰበው ሁለተኛ ዙር ድጋፍ ይቀራል፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊም በትምህርት ቢሮ ይጠየቃል። በኃላፊነት የተጻፈው ስም የሊምባኒ ነው።

ከደብዳቤዎቹ ጎን ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ተሰክቷል። ሊምባኒ ሣጥኑን አቅፎ ይስቃል። ኤስናት ፎቶውን ላለማየት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜም አየችው። በዚሁ ክፍል፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር አብረው የተማሩት። በፈተና አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። ስኮትላንድ ድረስ ተልካ የተማረችው እሷ፣ በወንጀል ምርመራ ሳይንስ ተመርቃ የተመለሰችውም እሷ። ዛሬ በቦርሳዋ ያለው የጣት አሻራ ማንሻ ዱቄት ካለቀ ዓመት አልፎታል፤ ቆርቆሮውን የምትይዘው ለይስሙላ ነው። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ግን ከዚህ ዓሣ ዓሣ ከሚሸት መንደር ሳይወጣ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው አሏት። አንዱ በርእሰ መምህሩ ኪስ፣ አንዱ በሊምባኒ አንገት። ርእሰ መምህሩ ቅዳሜና እሑድን ብላንታየር ሠርግ ላይ ነበር፤ ሙሽራውን ራሱ ነው የዳረው።

በፖሊስ ጣቢያው ኮንስታብል ምሲስካ ፋይሉን በኩራት አቀረበላት። ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው፤ እዚህ ከመጣ ሦስት ወር አልሞላውም። የዘበኛውን የማቭቶን ቃል የተቀበለው እሱ ነው። ማቭቶ በአካባቢው ቋንቋ በቺቼዋ ተናግሯል፣ ምሲስካ እንደ ደንቡ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ጽፏል። ቃሉ አጭር ነበር።

«እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጡ። በሩን በቁልፍ ከፈቱ። ሣጥኑን እየጎተቱ አወጡ። ፈርቼ ፊታቸውን አላየሁም። እንዳሸክማቸው አዘዙኝ፤ አሸከምኳቸው። በወፍጮ ቤቱ መንገድ ሄዱ። ስማቸውን መጥራት አልችልም።»

«ቢያንስ ሦስት ናቸው» አለ ምሲስካ።

«ሦስት የሚለው የት ላይ ነው?»

«ሁለት ለሣጥኑ፣ አንድ ለጥበቃ። ሰውየው ፈርቼ ካለ ደግሞ መሣሪያ ይዘዋል ማለት ነው።»

በዚህ ስሌት ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሦስት ባለብስክሌት ታክሲዎች ተይዘው ታስረው ነበር። ኤስናት አስወጥታ ጠየቀቻቸው። እሑድ በዚያ ሰዓት ምጥ የያዛት ሴት እየተፈራረቁ ወደ ጤና ጣቢያ እያደረሱ እንደነበር ተናገሩ። አዋላጇ አረጋገጠች። ትልቁ ሲለቀቅ ቀበቶውን እያሰረ፣ «ካላመኑ ሕፃኑን ይጠይቁት አማዪ» አላት፤ እመቤት ማለቱ ነው። «በኔ ስም ነው የጠሩት። ስሙ ገና በሁለት ቀኑ ታሰረ።»

ማቭቶን ራሱን ማነጋገር ፈለገች። ቃሉን ሰጥቶ ወዲያው ሐይቁ መካከል ወዳለው ደሴት ለቀብር ተሻግሯል፤ የሚመለሰው ሐሙስ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም።

ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ሁለት ነገር ከነከናት። ባለመሣሪያ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ቁልፍ ይዞ ይመጣል? መጣስ እንበል፤ በዚህ አገር ወንድ ዕቃ የሚጭነው በብስክሌት ነው፤ ምነው አሸክመን አሉ? ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ስላልቻለች ተወችው። የመጀመሪያው ግን መልስ ነበረው። ቁልፍ ያለው ሰው ሰዎች ልኮ ነዋ። ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። ሙቀቱን ወደደችው፤ ቀጥሎም ፈራችው።

ሊምባኒን የጠየቀችው እዚያው በሳይንስ ክፍሉ ነው። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ አለ። ከማን ጋር ስትለው ከራሴ ጋር አለና ሳቀ፤ እንደ ድሮው ሁለት እጁን አገጩ ሥር አድርጎ።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው ኤስናት?»

«ኢንስፔክተር በለኝ።»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ የጠየቀችውን ሁሉ በአጭሩ መለሰላት፤ ዐይኑን ግን ከመስኮቱ አልነቀለም። ሊዋሽ ሲል እንዲህ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

የእሷና የሊምባኒ አስተማሪ የነበሩትን ሜዳም ቺንጋኒን ያገኘቻቸው ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። በአንድ ባሊ ላይ ተቀምጠው የተቃጠሉ አምፖሎችን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ሳይንስ ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእሳቸው ነበር። ውሃ በተሞላ አምፖል ለእነ ኤስናት የቅማል እግር አሳይተዋቸዋል። በብስክሌት ሽቦና በባትሪ ድንጋይ መብራት አብርተዋል። ክፍሉ ለአዲሱ ዕቃ ቀለም ሲቀባ ጠርሙሱም ሽቦውም አምፖሉም ወደዚህ ተጣለ፤ እሳቸው ደግሞ የኑሮ ክህሎት እንዲያስተምሩ ተመደቡ።

ኤስናት በአክብሮት ጎንበስ ብላ እጇን አጨበጨበች። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘንድሮው በቆሎ ተጠያየቁ። ሜዳም ስለ ስርቆቱ የሰማሁት እንደ ሰው ነው አሉ። ኤስናት የሊምባኒን ነገር ስታነሣ ጨርቁን አስቀመጡ።

«ሊምባኒ አይሰርቅም» አሉ። «ከኔ በቀር ከማንም ወስዶ አያውቅም።»

«ከእርስዎ ምን ወሰደ?»

«የድጋፉን ማመልከቻ አይተሽዋል? ሦስተኛው ገጽ ላይ የአምፖል ማይክሮስኮፕ ሥዕል አለ። ከሥሩ የሱ ስም ነው ያለው። ፈረንጆቹን ያስደነቃቸው እሱ ሥዕል ነው አሉ።» አምፖሉን ወደ ብርሃን አነሡት። «ምን ይደረግ፤ አንቺ ራስ ነበረሽ፣ እጅ ያለው ግን እሱ ነው። ሁልጊዜም ብያለሁ።»

ኤስናት ያን አባባል በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልረሳችውም። ከመጋዘኑ ስትወጣ ስለ ሜዳም ቂም አላሰበችም። ያሰበችው አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ሁለተኛም ይወስዳል የሚለውን ነው።

ረቡዕ የሊምባኒ ቃል ፈረሰ። ጎረቤቱ ማንዳሲ የሚባል ቦምቦሊኖ መሰል ሊጥ የምትጠብስ ሴት ናት፤ ጥያቄውን ስትሰማ ሳቀች። እሑድ ቤቱ ውሎ አያውቅም፣ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ ይመለሳል፣ እኛማ ሴት ይዟል ብለን ስሟን ሁሉ አውጥተንላታል አለቻት። ኤስናት እስከ ዞምባ ተመላልሳ ያገኘችው ግን ሴት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች መዝገብ ነው። ሊምባኒ ማጎላ፣ ሦስተኛ ዓመት። እሑድ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈተና ላይ ነበር፤ ፊርማው አለ፣ አርባ ተማሪም ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አይቶታል።

ስለዚህ ሣጥኑን እሱ አልወሰደም፤ በቁልፉም ሰው አልላከም፤ ከመዝገቡ ጋር አብሮ ሊቀመጥ የማይችል ሌላ ወረቀት ግን አለ። የድጋፉ ቅጽ የፕሮጀክት ኃላፊው ዲግሪ ያለው ይሁን ይላል። ሊምባኒ «አለኝ» ብሎ ፈርሟል።

ማታውኑ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነገረችው። ፊቱ ሲገረጣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለ። «እስከዚያ እነዚህ ልጆች ምን ይንኩ? ወረቀቱ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

የሰማችውን በማስታወሻዋ ጻፈች። አትጻፊው ብሎ ቢለምናት ደስ ይላት ነበር፤ አልለመናትም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ማቭቶ በጀልባ ተመለሰ። ለሐዘኑ ጸጉሩን ተላጭቷል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው ረዥም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ኤስናት ከሐይቁ ዳር ተቀበለችው፤ ሐዘኑን ጠየቀችው፤ በተገለበጠ ታንኳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ሌቦቹ ስንት ነበሩ?»

«የምን ሌቦች?»

«ሣጥኑን የወሰዱት።»

«እኔ ሌባ አላየሁም አማዪ። ለፖሊሱም አልነገርኩት። መጡ፣ ከፈቱ፣ ሣጥኑን አወጡና 'አሸክመኝ' አሉ። አሸከምኳቸው።»

ኤስናት እስኪርቢቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«'አሸክመን' ነው ወይስ 'አሸክመኝ'?»

«'አሸክመኝ'። አንድ ሣጥን ስንት ሰው ይሸከመዋል?»

ራቅ ብሎ፣ የሐይቁ ውሃ ሸሽቶ በተወው መሬት ላይ፣ ሰዎች መረብ ይጠግናሉ። ኤስናት የማቭቶን ቃል በእንግሊዝኛ ሳይሆን በእናቷ ቋንቋ በልቧ ደገመችው። መጡ። ከፈቱ። ሄዱ። በቺቼዋ ትልቅ ሰው ይበዛል እንጂ አይነጠልም። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ አንድ ነው። ምሲስካ አንዲት ቃል ሳይዋሽ፣ አንድ የተከበረ ሰው ወደ ሽፍታ ቡድን ለውጦ ጽፏል። እሷም በዚያው ቋንቋ ሦስት ቀን አንብባዋለች።

«ፈርቼ ፊታቸውን አላየሁም ብለሃል» አለች ቀስ ብላ።

«ምነው፣ አማት አይፈራም እንዴ?»

«ስማቸውን መጥራት አልችልም ያልከውስ?»

ማቭቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ባለጌ ልጅ እንደሚያይ። «እርስዎ የባልዎን እናት በስማቸው ይጠራሉ?»

«ለምን ማን እንደሆኑ አልተናገርክም? ሦስት ሰው ታስሮ ነበር።»

«ፖሊሱ ማን እንደሆኑ አልጠየቀኝም። ስማቸውን ነው የጠየቀኝ።»

ማቭቶ የሚኖረው በሚስቱ መንደር ነው። የሚስቱ እናት ቤት በወፍጮ ቤቱ መንገድ መጨረሻ፣ ጉብታው ላይ ነው፤ ናምፔያ ውስጥ ሜዳም ቺንጋኒ ቤት ሲባል የማያውቀው የለም። ኤስናት ወደዚያ ስታይ እሱም አየ፤ ያኔ ነገሩ ገባው። አማቱን ለፖሊስ የሰጠ አማች ምንጣፉን ጠቅልሎ በመጣበት ይሸኛል፤ ልጆቹ ይቀራሉ።

«ከኔ አፍ ነው የወጣው?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

«ካንተ አፍ ስም አልወጣም» አለችው። ይህ እውነት ነበር።

ሜዳም በረንዳቸው ላይ ኦቾሎኒ ይፈለፍሉ ነበር። ኤስናትን ሲያዩ አልተነሡም። ቅርፊቱን ከጭናቸው አራገፉና በአገጫቸው ወደ ጎተራው ጠቆሙ። ሣጥኑ ከበቆሎው ሥር ነበር፤ ስምንቱም አሉ፣ አንዱም አልተከፈተም።

ቁልፍ ከየት አመጡ ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ራሳቸው ነገሯት። ክፍሉን ሲወስዱባቸው ቁልፉን መልሱ ያላቸው የለም። አፍረዋቸው። ስለዚህ ቁልፉ ሲቆጠር ሁለት ሆነ።

«ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቀናሁ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ያማረ ቃል እንዳትፈልጊልኝ። ቅዳሜ ልመልሰው ነበር። ዓርብ ግን በጎብኚዎቹ ፊት ባዶ እጁን እንዲቆም ፈለግሁ። ክፍሉን ከወሰዱብኝ ጀምሮ እኔ ስምንት ወር እንደዚያ ቆሜያለሁ።»

ኤስናት የላከችው ምሲስካ ሊምባኒን ጠርቶ አመጣው። ከትምህርት ቤቱ እየሮጠ ስለመጣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ሣጥኑን አየ፣ ሜዳምን አየ፤ ሊጮህ የነበረው ነገር አፉ ውስጥ ቀረ። በርከክ ብሎ እጁን አጨበጨበ፤ ሰላምታ ሳያስቀድም መናገር አልሆነለትም።

«ሥዕሉ የማን ነው?» አሉት ሜዳም።

«የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ስሜን ምን ነካው?»

«ድርጅቱ ስምዎን ካየ ድጋፉን ለእርስዎ ይሰጣል ብዬ ፈራሁ» አለ።

ኤስናት ሁለት ወረቀት ነበራት። በአንዱ ሜዳም ሌባ ናቸው፤ በሌላው ሊምባኒ አጭበርባሪ ነው። ሁለቱንም ብታስገባ ዓርብ የሚመጡት ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ ይመለሳሉ፤ የአምስት ትምህርት ቤት ልጆችም በአምፖል ይቀጥላሉ፤ አምፖሉም መጋዘን ነው ያለው። ከቦርሳዋ ነገ የሚፈረመውን የሁለተኛውን ዙር ድጋፍ ቅጽ አወጣች፤ ጠዋት ከርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያነሣችው ነው።

«ሜዳም፣ ዲግሪ አለዎት?»

«የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው የያዝኩት። ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም።»

ወረቀቱን ሊምባኒ ፊት አኖረችው። የፕሮጀክት ኃላፊ ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን የራሱን ስም እንዲሰርዝ፣ የሜዳምን እንዲጽፍ፣ ከሥሩ ደግሞ በገዛ እጁ ዲግሪውን ገና የሚማር ረዳት መሆኑንና ቀድሞ የሞላው ሐሰት እንደነበር እንዲያሰፍር ነገረችው። ይቀበሉታል ወይ አላት። አላውቅም አለችው። ካልተቀበሉትስ አላት። ያኔ እውነቱን ተናግረህ ታጣዋለህ አለችው።

እስኪርቢቶውን ይዞ ቆየ። ዐይኑ ስሙ ላይ ነበር፤ የኤስናት ዐይን ደግሞ እሱ ላይ። የምታደርገው ፍትሕ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም። ደስ እያላት መሆኑን ግን አወቀች፤ ለዚያም ነው መጨረሻ ላይ ፊቷን ያዞረችው። መስመሩ በወረቀቱ ላይ ሲሳብ በጆሮዋ ሰማችው።

ምሲስካ፣ ክሱስ ምን ይሁን ሲል ጠየቀ። ሊምባኒ ከሳሽ የለም አለ፤ ርእሰ መምህሩንም እኔ እነግረዋለሁ አለ። ምሲስካ ግራ ገብቶት ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ሜዳም ቅጹን ተቀብለው በመነጽራቸው ሁለቴ አነበቡትና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ነገ ጠዋት ጎብኚዎቹ ሳይደርሱ ልጆቹ ማይክሮስኮፖቹን ይንኩ። ይቧጨር።

ከዚያ ወደ ኤስናት ዞሩ።

«አንቺስ? እሱን ስታስጨንቂው አየሁሽ። በማን ነው የቀናሽው?»

ምሲስካ ባይኖር ጥሩ ነበር። «በሱ» አለች። ቆይታም፣ «እርስዎ እጁን ሲያመሰግኑ ነው የጀመረኝ» አለች።

ሜዳም ይቅርታ አላሉም፤ አልሳቁምም። ትከሻዋን አንድ ጊዜ ነካ አድርገው ወደ ሣጥኑ መሯት።

ሊምባኒ በአንድ በኩል፣ ኤስናት በሌላው ያዙት። ጉብታውን ወርደው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ሁለት ጊዜ አሳረፉት። በሁለተኛው ላይ ላቧን እየጠረገች ከኋላ ባዶ እጃቸውን የሚመጡትን አሮጊት አስተማሪ አየቻቸው።

«ሜዳም፣ ይህን ሁሉ መንገድ በራስዎ ላይ፣ ብቻዎን እንዴት ቻሉት?»

«አማቼ ሲያሸክሙኝ ከብዶኝ ነበር» አሉ ሜዳም ቺንጋኒ። «ከዚያ ሊምባኒን አሰብኩና ቀለለኝ።»